ቋጠሮውን የፈታሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስካለፈው ሰንበት ድረስ ለሰው ልጅ ነግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩትም። ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ፣ በማርያም ስም በሐሰት መማሌን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሚስቴን በቁጣዬ ከቤት ማስወጣቴንም አልደበቅኋቸውም። ይህቺን ግን በየዓመቱ ይዣት ሄጄ ይዣት እመለሳለሁ። ስለ ውሻ ንስሐ መግባት ያሳፍራል እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። ውሸቴን ነው። ነገሩ የውሻ ብቻ አለመሆኑን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

እናንተም «ውሻ ነው እኮ» ልትሉኝ ካሰባችሁ ከወዲሁ ተዉት። ያኔ የደባርቅ ሰው ሁሉ ብሎታል፤ ሰልችቶኛል። ልታጽናኑኝም አትሞክሩ። መጽናናት ብፈልግ ኖሮ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር፤ ዝምታ እስከ ዛሬ አሳምሮ አኑሮኛል።

በቅሎ አከራይ ነኝ። ተራራ ሊያይ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጊች የሚወጣው ፈረንጅ ድንኳኑንና ድስቱን የሚጭንባት አንዲት ቦራ በቅሎ ነበረችኝ። በእኛ ሥራ ሁሉም ነገር በተራ ነው። ስምህ ሲጠራ ከሌለህ ተራህ ያልፋል፤ ከኋላህ ያለው ይጭናል፤ አንተ ዞሮ እስኪደርስህ እጅህን አጣጥፈህ ትቀመጣለህ። በተራ ምክንያት ክርስትና የተነሣሡ ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። ያኔ ቁጡ መባልን እንደ ሹመት ነበር የምቆጥረው።

ትርንጎ ታናሽ እኅቴ ናት። ከባሏ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርደው እዚያው ኖሩ፤ ባሏን ወባ ገደለውና ብቻዋን ተመለሰች። ብቻዋን አልኩ እንጂ አንድ ቀይ ውሻ አስከትላ ነበር። መከታ ይባላል። ያገኘው ባሏ ነው። ሠራተኛው ለቅቆት በሄደ ሰፈር፣ ከግንድ ጋር እንደ ታሰረ ተትቶ፣ ገመዱ አንገቱን በልቶት ሊሞት ሲያጣጥር ደረሰለት። ውኃ እያጠጣ፣ ከጉርሻው እያካፈለ አዳነው። ቁስሉ ሽሮ እንኳ አንገቱ ላይ ዙሪያውን ፀጉር አልበቀለም። ትርንጎ ከሁመራ ይዛ የመጣችው ንብረት ይኸው ነበር፤ አንድ ማዳበሪያ ልብስና መከታ።

እኔ ደጄን የሚጠብቅልኝ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ውሻው ያስል ጀመር። ትንሽ ሮጦ ይተኛል። ጎኑ ከሳ። እኔ የደጋው ብርድ ነው አልኩ። ትርንጎ ግን አላመነችኝም። በዚያ ወራት የተራራው ቀይ ቀበሮ በእብድ ውሻ በሽታ እንዳያልቅ ተብሎ የገበሬውን ውሻ የምትከትብ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ወደኛ አገር ትመላለስ ነበር። ትርንጎ መከታን ይዛ እሷ ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ደረቱን አዳመጠች፤ ደሙን ወስዳ አየች። ልቡ ውስጥ ትል አለ አለች፤ እንደ ክር የቀጠነ ረጅም ትል። ያመጣችበት የቆላ ትንኝ ናት።

ትርንጎ ይህን ስትሰማ ባሌን የገደለችብኝ ትንኝ ናት አለች። ሐኪሟ ያችኛዋ ሌላ ዓይነት ናት ብትላት አልተቀበለቻትም። ለእሷ አንድ ናት፤ አንዱን ወስዳ ሌላውን ልትጨምር የመጣች።

መድኃኒቱ አገር ውስጥ አይገኝም ነበር። ሐኪሟ በሰው በሰው ከውጭ አስመጣችና ወገቡ ላይ ወጋችው። መርፌው እንዴት እንደሚያቃጥል አይቻለሁ፤ ያ ውሻ ጥርሱን በትርንጎ ክንድ ላይ አሳርፎ ሳይነክሳት ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ሐኪሟ እኔንም ትርንጎንም አቁማ እንዲህ አለችን፦

«መርፌው ትሉን ይገድላል። የሞተው ትል ግን ቀስ እያለ እስኪሟሟ ድረስ እዚያው ነው ያለው። ውሻው ከሮጠ ቁርጥራጩ ሄዶ ሳንባውን ይዘጋዋል። ያኔ እኔም አላድነውም። እንዳይሮጥ።»

ይህ አማርኛ ነው። ገብቶኛል። ሳይገባኝ ነው ብዬ እንዳላመልጥ ነው ቃል በቃል የነገርኳችሁ።

ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ትርንጎ ያን ውሻ አራስ አደረገችው። በእኛ አገር ውሻ ቤት አይገባምና በበቅሎዋ ጋጣ ውስጥ ገለባ ጎዝጉዛ ከወይራው ምሰሶ ጋር አሰረችው። ስታስረው አንገቱን እንዳይነካው ገመዱን በጨርቅ ጠቀለለችው፤ ቋጠሮውን ግን ታጠብቀው ነበር። የገብስ ቂጣ በአጓት እያራሰች ኪኒኑን ከውስጡ ትሸሽግለታለች። ሲያያቸው እንዳይነሣባት ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጠች። ለሽንቱ በአጭር ገመድ ታወጣዋለች፤ ሽማግሌ እንደምትደግፍ ሰው ቀስ ብላ ታስገባዋለች። ጎረቤት ትርንጎ ወንድ ልጅ ወለደች እያለ ገንፎ ይጠይቃት ነበር። እሷም ትስቃለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ውሻውም ዳነ ልላችሁ ነው። ሊድን ነበር። ሳሉ ቀነሰ፤ ጎኑ ሞላ፤ ከሥራ ስገባ ጭራው ገለባውን ሲደበድብ ይሰማኛል። እኔም ወድጄው ነበር። ይህን መናገር አለብኝ፤ ጠልቼው ያደረግሁት እንዳይመስላችሁ። ጠልቼው ቢሆን ይሻል ነበር። ሐኪሟ መጥታ አይታው፣ ጥቂት ታገሡ፣ ሊያልፍለት ነው አለች።

ኅዳር ጽዮን ደረሰች። ትርንጎ ውሻው ከተወጋ ወዲህ ለሱ ስትል ቤተ ክርስቲያን ስማ አታውቅም፤ ጽዮን ማርያም ደግሞ ባሏ ጽዋ ይጠጣባት የነበረች በዓል ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀርታባት አታውቅም። ስትቁነጠነጥ አየኋትና ሂጂ፣ እኔ አለሁ አልኳት። የዚያን ቀን ተራዬ ሊደርስ እንደሚችል አውቃለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ደግ መሆን አምሮኝ ነው። ውሻውን አሰረችው፤ ቋጠሮውን ሁለቴ ሳበችው፤ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ዞር አለች።

«ወንድምዓለም፣ አደራህን። ውኃ ብቻ ስጠው፤ እንዳትፈታው።»

አደራ አለችኝ። እኔ አገር አደራ ማለት ምን እንደሆነ አስረዱኝ የምትሉ አይመስለኝም። ያስቀመጡትን መብላት ነውር ነው። እኔ ያደረግሁት ከመብላት የከፋ ነው።

ረፋዱ ላይ መኳንንት የሚባል ሰው በደጄ አለፈ። እሱም እንደኔ በቅሎ አከራይ ነው፤ በተራ ስንነታረክ ብዙ ዘመናችን ነው። ሁለት በቅሎ ድንኳንና ድስት ጭኖ ወደ ሳንቃ በር መንገድ እየወጣ ነበር። ስሜ ተጠርቶ፣ ባለመኖሬ አልፎ፣ ለሱ ደርሶት ነው። አልሰረቀኝም፤ ሕጉ ነው። ቆመና አጥሩ ላይ ክንዱን አስደግፎ አየኝ፤ እኔ ጋጣው ደጃፍ የውኃ ጣሳ ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ውሻ ሰው ሲጠብቅ ነበር የምናውቀው፤ እናንተ ቤት ሰው ውሻ ይጠብቃል?» አለኝ። «ለማንኛውም ተራህን እግዜር ይስጥልኝ።»

በቃ ይኸው ነው። የሰደበኝ ስድብ ይኸው ነው። ለዚህች ነው።

መልስ ጠፍቶኝ ነበር? እኔ? ደባርቅ ላይ በምላሴ የሚችለኝ ነበር? ድንጋይስ ጠፍቶ ነው? በእኛ አገር ድንጋይ ጠፍቶ ያውቃል? ወይም ስቄ ማለፍ አልችልም ነበር? የሚያስቅ ነገር እኮ ነው የተናገረው፤ ዛሬ ሳስበው እኔንም ያስቀኛል። እኔ ግን ጣሳውን ወርውሬ ተነሣሁና ወደ ጋጣው ገባሁ።

ሰው ሲሳሳት ቁጣ ዓይኔን ጋረደኝ ይላል። እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ ብያለሁ። ግን ስሙኝ፦ ትርንጎ ያሰረችው ቋጠሮ እንዲህ በቀላሉ የሚፈታ አልነበረም። ታገልኩት። የአውራ ጣቴ ጥፍር ተሰንጥቆ ደማ። እንቢ ሲለኝ ጎንበስ ብዬ በጥርሴ ያዝኩት። ፊቴ ከውሻው አንገት ጋር ገጥሞ፣ ያ ፀጉር ያልበቀለበት ጠባሳ ዓይኔ ሥር ነበር። እሱ ጆሮዬን ይልሰኛል። ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም ማለት እችላለሁ? ያ ቋጠሮ ሲለምነኝ ነው የቆየው፤ ተው፣ ተው እያለ። እኔ በጥርሴ ፈታሁት።

ከዚያ በሩን ከፍቼ መኳንንትን እያሳየሁት «ጃስ!» አልኩት።

መከታ ወዲያው አልሄደም። ቀና ብሎ አየኝ። ያን ሁሉ ጊዜ አትነሣ፣ አትሩጥ፣ ዝም በል ሲባል የከረመ ውሻ ነው፤ እውነት ነው ወይ ብሎ እኔን አየኝ። አሁንም መመለስ ይቻል ነበር። ደግሜ «ጃስ!» አልኩት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሄደ። አጥሩን ዘለለው። አንደኛዋ በቅሎ ደንብራ ጭነቷን ጣለች፤ ድስቱ እየተንኳኳ ቁልቁል ተንከባለለ፤ መኳንንት ጋቢውን ጥሎ ወደ ባሕር ዛፉ ሮጠ። መከታ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ አባረረው፤ ዞረው፤ እንደገና አባረረው። እኔ ሳቅሁ። ጉልበቴን ይዤ ሳቅሁ። ልብ በሉልኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ስቄ አላውቅም፤ አይገባኝምም።

ስጠራው በርምጃ ተመለሰ። እግሬ ሥር ተቀመጠና ጭራውን ወዘወዘ፤ የታዘዘውን የፈጸመ ነውና ምስጋና ይጠብቃል። ምላሱን አየሁት፤ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ሳቄ ያኔ አቆመ። ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ወደ ሐኪሟ የሮጥኩ? የእግሩን ጭቃ አጠብኩ። ትርንጎ እንዳታይ እግሩን አንድ በአንድ አጠብኩና ገመዱን መልሼ አሰርኩት።

ወደ ማታ ሲያስል አረፋው ደም ነበረው። በማግሥቱ ሐኪሟ ተጠርታ መጣች። ደረቱን አዳመጠችና ቀና ብላ ሮጧል ወይ አለች። ትርንጎ እኔን አየችኝ። እናንተ፣ ያኔ እውነቱን ብናገር ውሻው አይድንም ነበር፤ እኅቴ ግን ትድን ነበር። እኔ ምን አልኩ?

«ቋጠሮው ላልቶ ኖሮ ሾልኮ ወጣብኝ» አልኩ። «ጠርቼ መለስኩት። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

አያችሁ? ዋሽቼ አልበቃኝም፤ ውሸቴን ለእሷ ያዘንኩ አስመሰልኩት። ትርንጎ አልተከራከረችኝም። ብትከራከረኝ ምናለ የሚያሰኝ ፊት ነበራት። እጇን በአንገቱ ጠባሳ ላይ አድርጋ፣ ቁስሉ አሳዝኖኝ አላልቼዋለሁ ማለት ነው አለች። ሁለቴ ሳብ ያደረገችውን ቋጠሮ በእኔ አንድ ቃል ካደችው። ለእኔ በራሷ ላይ መሰከረችልኝ።

መከታ ጭኗ ላይ ሞተ። በባሏ ኩታ ጠቅልላ ከቤቱ ጀርባ ቀበረችው፤ ሰውም ለውሻ ኩታ ብሎ ሳቀ። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ምን ያህል አዛኝ ወንድም ነኝ።

የሚያውቀው መኳንንት ብቻ ነበር። ጃስ ስል በጆሮው ሰምቷል። ከጊች ሲመለስ ከከተማው መግቢያ ላይ ጠብቄ ለመንኩት፤ ዝም እንዲልልኝ የሚቀጥለውን ተራዬን ሰጠሁት። ለውሻ ብለህ ነው እያለ ሳቀና ተቀበለኝ። ተራ የሚባለውን ያንኑ ነገር ነው እንግዲህ የሰጠሁት፤ ውሻውን የገደልኩበትን። በኋላ መተማ ወርዶ እዚያው ቀረ። ዝምታውን ግን አልወሰደውም፤ እኔ ዘንድ ትቶት ሄደ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ቤት ተረቱ ተገልብጦ ኖረ። የተወጋችው ማን እንደወጋት አታውቅም፤ የወጋሁት እኔ ነኝ የማልረሳው።

እንድረሳ ብፈልግ እንኳ ቋጠሮዋ አይፈቅድልኝም። ከዚያ በኋላ ትርንጎ የምታስረው ነገር ሁሉ አይፈታም። የእህል ማዳበሪያ፣ የጊደር ገመድ፣ የበር ሽቦ፣ ሁሉን ሦስቴ ቋጥራ ደግማ ትስበዋለች። ሄዳ ትመለሳለች፤ ተመልሳ ታየዋለች። እኔ ዱቄት ለመቅዳት ማዳበሪያውን በቢላዋ ነው የምቆርጠው። ኅዳር ጽዮን ስትመጣ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እዚያ ቆማ ሳለ ነው ውሻዋ የሮጠው።

ከዚህ ሁሉ የከፋውን ገና አልነገርኳችሁም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከዳባት ሽማግሌዎች መጡ። ሚስቱ የሞተችበት፣ አንዲት ሕፃን የያዘ ጨዋ ሰው ነው የላካቸው። ትርንጎ ደግሞ ልጅ እንዳማራት ኖራለች። እኔ እንደ ቤቱ ጌታ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጫለሁ። እሷ በክብር አዳመጠቻቸውና መሬት መሬት እያየች መለሰች።

«አባቶቼ፣ እግዜር ያክብራችሁ። ግን የሰው ልጅ አደራ ለእኔ አይሰጥም። እኔ አንድ ገመድ ማጥበቅ ያልቻልኩ ሴት ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም፤ ወደ እኔ ዞሩ። እዚያ ቤት ውስጥ ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ እንግዲህ አልፈቀደችም፣ ምን ይደረጋል አልኩ። ጠላውን ቀድቼ አሰናበትኳቸው። ውሻውን የገደልኩት በቁጣ ነው እንበል። ይህንንስ? እንዲያው በጠራራ ፀሐይ፣ በልቡ የተረጋጋ ሰው ሆኜ፣ የእኅቴን ትዳርና የእኅቴን ልጅ በዝምታ ገደልኩ። ይህን የሚያህል ፈሪ ነው ራሱን ቁጡ እያለ የሚኮራ የነበረው።

ያለፈው ሰንበት ጧት ጊደሯን ስታስር አየኋት። አሁን አርጅታለች፤ ቁርጥማት ጣቷን አሳብጦታል። ቋጠረች፤ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ፈትታ ቋጠረች። ጣቷ ደማ። እኔም ተነሥቼ ጮኽኩባት። አዎ፣ ጮኽኩባት፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምቆጣው በእሷ ነው። በቃሽ፣ ምን ያደርግልሻል ይህ ሁሉ ቋጠሮ አልኳት።

ቀና ብላ ሳትቆጣ አየችኝ። «ታውቀው የለም፣ ወንድምዓለም?» አለችኝ። «አይተኸኝ የለም?»

ያኔ ነገርኳት። ቆሜ ነገርኳት፤ ከመኳንንት ጀምሬ እስከ እግሩ ጭቃ። ሽማግሌዎቹንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ገመዱን እንደ ያዘች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«አጥብቄ አስሬው ነበር ማለት ነው?»

«አጥብቀሽ አስረሽው ነበር። በጥርሴ ነው የፈታሁት።»

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። አልረገመችኝም፤ ብትረግመኝ በወደድኩ። የጊደሯን ገመድ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ቋጠረችውና ገባች። ከዚያ ወዲህ አላነጋገረችኝም። እንጀራዬን ታቀርብልኛለች፤ ሳህኑን አስቀምጣ ትሄዳለች። ልክ ናት።

ይቅርታ አልጠይቅም። ከእናንተ ብጠይቅ እናንተ አልተበደላችሁም፤ ከእሷ ብጠይቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ልሰጣት ነው፤ የእኔን ልብ የማሳረፍ ሥራ። ይበቃታል። ነፍስ አባቴ ዘንድ ግን እሄዳለሁ፤ የፈለጉትን ቢያሸክሙኝ አነሰ እላለሁ እንጂ በዛ አልልም።

ዛሬ ኅዳር ጽዮን ናት። ትርንጎ ጧት ተነሥታ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። በሩ ላይ ዞር አላለችም፤ አደራም አላለችኝም። ከሄደች በኋላ ተነሥቼ የጊደሯን ገመድ አየሁት። አልላላም። ተቀመጥኩ፤ ደግሞ ተነሥቼ አየሁት።